ስሰፋው የጠበበኝ ቀሚስ

ቤቷ ቁጭ ብላ ቀሚስ ማጥበብ የምትችል ሴት አልተፈጠረችም! «እኔ እችላለሁ» የምትል ካለች አላስቀይማትም፤ ያጠበበችውን ቀሚስ ለብሳ ትምጣና አንዴ ቁጭ ብድግ ትበልልኝ። ያኔ እንተያያለን! ወንዶች አንባቢዎቼም «ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። የቀሚስ ጦስ ለባልም ይተርፋል። ባለቤቴን ጌቱን ጠይቁት...

ነገሩ የጀመረው ቆቦ ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ ነው። ሸራ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ የፈረንጅ አገር ልብስ እንደ ማሽላ ነዶ ተከምሮበታል። ከላይ ፀሐይዋ ትጠብሰናለች፣ ከታች እኛ ሴቶች በክርን እየተጓሸምን እናገላብጣለን። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ስፈልግ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ መዝዤ አወጣሁ። ጨርቁ ልስልስ፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ የተጠለፈበት... ልቤ ወዲያው ሄደች። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፤ እኔን የሚያካክሉ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ይገቡበታል።

«ይሄ እኮ ድንኳን ነው!» አልኩት ሻጩን።

«እትዬ፣ ሰፊ ይጠባል፤ ጠባብ ግን አይሰፋም» አለኝ።

እንዲህ ያለ ተረት ሰምቶ ማን ባዶ እጁን ይመለሳል? ገዛሁት።

የቸኮልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የጌቱ ታናሽ ወንድም ከፋሲካ በኋላ ጎብዬ፣ አማቴ እትዬ አስካለ ቤት ሊዳር ቀን ተቆርጧል። እኔ ደግሞ የቤቱ ትልቅ ምራት ነኝ። ትልቅ ምራት ማለት ምን ማለት መሰላችሁ? ሙሽራዋን ሰው «ታምራለች» ሊል ነው የሚያያት፤ ትልቋን ምራት ግን «እስቲ ምን ለብሳ መጣች?» ብሎ ነው የሚያያት።

ቀሚሱን ይዤ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ሄድኩ። የሰርግ ሰሞን ስለሆነ ቀና ብሎ ያየኝም የለ። አንዱ ብቻ አዘነልኝና «ከሰርጉ በኋላ አደርስልሻለሁ» አለኝ። ከሰርጉ በኋላማ መጋረጃ ላድርገው? «ለዚህ ለዚህ እኔስ መርፌ መች አጣሁ!» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እዚህ ላይ አማርኛችንን ልውቀሰው። «ሰፋ» ማለት ልብስ ሰፋም ነው፣ ትልቅ ሆነም ነው። ታዲያ ቀሚስ ተሰፍቶ እንዴት ይጠባል? ቋንቋዬ ራሱ እያስጠነቀቀኝ አልሰማሁትም!

ቀሚሱን ገልብጬ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ልክ የሚሆነኝን አሮጌ ቀሚሴን ላዩ ላይ አጋድሜ፣ በሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አሰመርኩና መስፋት ጀመርኩ። ቀኙን ሰፍቼ ሳየው ከግራው ይልቅ ገባ ብሏል። ግራውን ጨመር አደረግኩ። አሁን ደግሞ ግራው ባሰ። ቀኙን ጨመርኩ... የርስት ክፍፍል ሆነብኝ እላችኋለሁ! አንዱን ሳስደስት ሌላው ይከፋዋል። በመጨረሻ እኩል ሆኑልኝ፤ ለካ እኩል ተጎድተው ኖሯል። ግራው ጎን ላይ ደግሞ ጠጣር ነገር መርፌዬን እምቢ አለው። «ፈረንጅ ስፌቱን ምን ነክቶት እንዲህ አወፈረው?» እያልኩ በጉልበት ሰፋሁበት።

ሳትለኪው? ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ሳልለካው! በገዛ እጄ የሠራሁትን ምን አስለካኝ?

የሰርጉ ዕለት ጌቱ ልጆቹን ይዞ በማለዳ ወደ ጎብዬ ሄደ። እኔ ፀጉሬን አሳምሬ ልከተል ነው። ቀሚሱን በራሴ በኩል አጠለቅኩት። እጆቼ እጅጌው ውስጥ ገቡ፤ ራሴ አንገቱ ጋ ሊደርስ ሲል... ቆመ። ወደ ታች ብስበው አይወርድ፣ ወደ ላይ ብገፋው አይወጣ። ሁለት እጄ እንደተማረከ ሰው ወደ ላይ ተሰቅሏል። የሚታየኝ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው። የቆቦን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላችሁ አስቡት!

ቤት ውስጥ ማንም የለም። ቅርቤ ያለችው ጎረቤቴ ዘሀራ ናት። ከዘሀራ ጋር ደግሞ አንነጋገርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፆሙ በፊት ፍየሏ አጥር ዘልላ፣ አጥቤ ያሰጣሁትን ነጠላ ጥለቱን ጥርግ አድርጋ በላችው። እኔ ስለ ፍየሏ አንድ ቃል ተናገርኩ፤ እሷም ስለ ነጠላዬ አንድ ቃል መለሰች። በዚሁ ተኳረፍን። ዘንድሮ የዒድ ብስኩቷ አልመጣልኝም፤ የፋሲካ ድፎዬም አልሄደላትም። በሰው ፊት ምንም እንዳልመሰለኝ ብሆንም፣ ድፎውን ስቆርስ ዓይኔ ወደ አጥሩ ይሄድ ነበር።

ግን መታፈን ኩራት አያውቅም። በሩን ገጭቼ፣ ባልዲውን ደፍቼ፣ በእግሬ እየዳበስኩ አጥሩ ጋ ደረስኩ።

«ዘሀራ!»

ድምፄን አለሳልሼ ደገምኩት።

«ዘሀራዬ!»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ... ጎረቤትሽ።»

«ጎረቤቴማ አታናግረኝም።»

«አሁን አናገርኩሽ አይደል!»

በአጥሩ አሻግራ አየች መሰለኝ፣ «አዑዙ ቢላህ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ምን ታድርግ? ራስ የሌለው አረንጓዴ ነገር ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ብታዩ እናንተስ ምን ትሉ ነበር?

«ቀሚስ ነው ዘሀራ! ያዘኝ!»

እየሮጠች መጣች። ከዚያ ግን እርዳታ ሳይሆን ሳቅ ነው የሰማሁት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሲበቃት ተነሳች።

«ቆይ፣ ሳልነካሽ በፊት... ፍየሌን ምን ነበር ያልሻት?»

«ኧረ ታፈንኩ በናትሽ!»

«ምን ነበር ያልሻት?»

«ሌባ።»

«አሁንስ?»

«ጨዋ ናት!»

«አሳዳጊዋስ?»

«እሷማ ከፍየሏም ትብሳለች፤ የጨዋ ጨዋ!»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነጠላሽም ደህና ነጠላ ነበር» አለች። «ወላሂ፣ ጥለቱ ያምር ነበር። በማግስቱ ልመጣ ተነስቼ አፍሬ ነው የቀረሁት።»

ቀሚሱ ውስጥ ሆኜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ላብ ነው ብላችሁ እለፉት።

ከዚያ ጉተታው ተጀመረ። እሷ ጨርቁን፣ እኔ ራሴን ስንጎትት ተያይዘን ወደቅን። ተነስታ ጎኔን በእጇ ስትዳብስ ድንገት ቆመች።

«አንቺ! ይሄ እኮ ዚፕ ነው!»

«የምን ዚፕ?»

«የቀሚሱ ዚፕ ነዋ! መክፈቻውን ሰፍተሽ ዘግተሽዋል!»

ሮጣ ምላጭ አመጣችና ስፌቱን መተርተር ጀመረች። «እንዳትስቂ፣ ትቆረጫለሽ» ትለኛለች፤ የምትስቀው ግን እሷ ናት። ዚፑ ሲከፈት ራሴ ብቅ አለ። አየር ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ያን ቀን አወቅኩ። ቀሚሱ ወረደልኝ፤ ሆዴን ስብ አድርጌ፣ እሷ ጉልበቷን ወገቤ ላይ ተክላ ዚፑን ቆለፈችው።

«አብሽሪ፣ ያምርብሻል። ብቻ አትተንፍሺ።»

«እስከ መቼ?»

«ሰርጉ እስኪያልቅ።»

«እንግዲያው አብረሽኝ ሂጂ» አልኳት። ደስ አላት፤ ልብሷን ቀያይራ መጣች። ሚኒባሱ ውስጥ እኔ እንደ ጣውላ ቀጥ ብዬ፣ እሷ የከረመ ወሬዋን ስትዘከዝክልኝ ጎብዬ ደረስን። መንገዱ በጣም አጠረብኝ።

ድንኳኑ በር ላይ እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። እኔ «እንዴት አምሮብሻል!» ልባል ተዘጋጅቻለሁ። አቀፉኝ፤ ጎኔን ዳበሱ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ውይ እናትሽ ትደፋልሽ! ልጄ፣ አለቅሽ እኮ!»

«እማ፣ ቀሚሱ ነው ያጠበበኝ። ደህና ነኝ።»

«ቀሚስ ሰው ያከሳል እንዴ? ጌቱ! አንተ ጌቱ! የሰው ልጅ አምጥተህ እንዲህ ታደርጋለህ?»

ጌቱ ጠላውን እንደያዘ ክው አለ። «እኔ ምን አደረግኩ?»

«ዝም በል! አጥንቷ እጄ ላይ መጣ እኮ!»

አጥንት ያሉት ዚፑን ነው። ግን በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?

ሙሽራዋም ተረሳች። አስቀምጠውኝ ማጉረስ ጀመሩ። የጌቱ እናት ካጎረሱ አክስቶቹም ይቀጥላሉ፤ አክስቶቹ ካጎረሱ አጎቶቹም ይከተላሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ... የአማት ጉርሻ ደግሞ እንደምታውቁት ጉርሻ ሳይሆን ትራስ ነው! ዘሀራ ፊት ለፊት፣ ሙስሊሞቹ ከተቀመጡበት ድንኳን ሆና በዓይኗ «አትጉረሺ!» ትለኛለች። እኔም በዓይኔ «እምቢ በይልኝ እስቲ!» እላታለሁ። ስፌቱ ጠቅ... ጠቅ... ይላል።

ጭፈራው ሲጀመር እትዬ አስካለ እጄን ይዘው አስነሱኝ። የእኛ የራያ ጭፈራ ትከሻ ነቅንቀው የሚገላገሉት አይደለም፤ መዝለል አለበት። ትልቋ ምራት አልዘልም ብትል ደግሞ ከሙሽራዋ ጋር አትዋደድም ነው የሚባለው። ዘለልኩ።

ጥርርርርር!

ከብብቴ እስከ ወገቤ ተከፈትኩ። ዘሀራ ሻርፗን እየዘረጋች ሰው እየጣሰች ስትሮጥ ይታየኛል። ጭፈራው ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እትዬ አስካለ ግን የተቀደደውን ጎኔን ትኩር ብለው አዩ። በቅዳጁ ብቅ ያለውን ሥጋዬን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፦

«እልልልልል! ተመስገን ጌታዬ! ልጄ ባንድ ምሳ ወፈረችልኝ!»

ድንኳኑ በሞላ እልልታውን ተቀበለ።

እናም ሰፊ ቀሚስ የገዛሽ እህቴ፣ ምክሬን ስሚኝ። ቀሚሱን በራስሽ ልክ ለማጥበብ አትልፊ። እንዳለ ልበሺውና አማትሽ ዘንድ ሂጂ፤ አንቺን በቀሚሱ ልክ አድርገው ይመልሱሻል!