ወይፈኑ ወይስ ተርቦው

[ሸዋ ሮቢት፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን። በእማማ ፋዲላ ግቢ ወይፈናቸው ገለባ ያላምጣል። ከጎኑ የልጃቸው የሐያት ባል የፈይሰል ቀይ ፒክአፕ ሞተሯ ተከፍቶ ቆማለች።]

ፋዲላ፦ ክንፍ? መኪና ላይ?

ፈይሰል፦ አዎ እማማ፣ ከኋላ ነው የሚገጠመው።

ፋዲላ፦ እንቁላልም ትጥላለች?

ፈይሰል፦ ስትፈጥን ንፋስ እንዳያነሳት ነዋ!

ፋዲላ፦ እንዲያ በለኝ። ትናንት ሐያት ከኋላ ስትገፋት አይቼ፣ ለካ ንፋስ እንዳይወስድባት ይዛት ነው።

ፈይሰል፦ እሱ ባትሪ ነው! በቃ የመኪና ነገር ለእርስዎ ይከብዳል።

ፋዲላ፦ እውነትህን ነው። እኔ የማውቀው አህያ ነው። እስቲ አስረዳኝ።

ፈይሰል፦ መጀመሪያ ተርቦ አስገባላታለሁ። ተርቦ ማለት ሞተሩን አየር በግድ የሚያጠጣው ነው። ከዚያ ሰፋፊ ጎማ። ከዚያ ትልቅ ማርሚታ፣ የጭሱ መውጫ። ድምፁ አጣዬ ድረስ ይሰማል!

ፋዲላ፦ ፍሬኑስ?

ፈይሰል፦ የምን ፍሬን?

ፋዲላ፦ ሐያትም እንዲሁ ነው ያለችኝ።

ፈይሰል፦ እማማ፣ ዳገቱ ላይ ሽንኩርት የጫነ ሁሉ እየቀደመኝ ተዋረድኩ እኮ! ተርቦው ይግባላት እንጂ፣ ወላሂ፣ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ቆሎ እየበላሁ ነው የምጠብቃቸው።

ፋዲላ፦ አሁንስ የት ነው የምትውለው? ሞተሯ እስኪቀዘቅዝ ቆሎውን ጨረስከው አይደል እንዴ? አርጅታለች አሉ።

ፈይሰል፦ ማነው ያለው? ሁለት መቶ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ! ለጃፓን መኪና ገና ጡት መጣል ነው።

ፋዲላ፦ ቆጣሪው የሠራችውን ሁሉ ይቆጥራል?

ፈይሰል፦ አንዲት አታመልጠውም።

ፋዲላ፦ ቆማ የሠራችውንስ?

ፈይሰል፦ [እየሳቀ] እማማዬ! የቆመ መኪና ምን ይሠራል?

ፋዲላ፦ እኔ ምን አውቄ። [ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው] ይቺ ቱቦው ላይ የታሰረችው አረንጓዴ ጨርቅስ?

ፈይሰል፦ እንዳይነኳት! ከፋብሪካ የመጣች ናት። ጃፓኖች ቆላ ለሚሄድ መኪና የሚያስሩት ነው። ደላላው ነው የነገረኝ።

ፋዲላ፦ ማሻአላህ! አበባም አላት። ምን ያለ ጥንቁቅ ሕዝብ ነው!

ፈይሰል፦ እንግዲህ... ብድሯን ገና ከፍዬ አልጨረስኩም፣ አበዳሪዎቹም ሌላ አይጨምሩልኝም። ቤቱንም አስይዤዋለሁ። [ወይፈኑን በዓይኑ እየለካ] እና እርስዎ ይሄን ወይፈን ቢሸጡልኝ...

ፋዲላ፦ ብድሩን ካልከፈልክ ልጄ የት ልታድር ነው?

ፈይሰል፦ ለዚህ እኮ ነው መፍጠን ያለባት!

ፋዲላ፦ ይሁን፣ እናያለን። ቆይ፣ አንድ ነገር ላምጣ። [ቤት ገብተው ጫፉ የተቀደደ አሮጌ ቀሚስ ይዘው ይወጣሉ። ከቱቦው ጨርቅ ጋር ያስተያዩታል። አበባው ከአበባው ልክ ይገጥማል።]

ፈይሰል፦ [ዓይኑ ፈጦ] ጃፓኖቹ ቀሚስዎን ከየት አገኙት?

ፋዲላ፦ ከገላዬ ላይ! ወንድሜ ኢብሮ ይቺን መኪና ወንዝ ዳር ገትሮ፣ ሞተሯን በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ከውሃ መሳቢያው ጋር አያይዞ፣ በጋ በመጣ ቁጥር ሌት ተቀን ሽንኩርት ሲያጠጣባት ነው የኖረው። አንድ ቀን ቱቦው ፈነዳ። ሽንኩርቱ ሊደርቅብን ሲል ቀሚሴን ቀድጄ አሰርኩት። ቆጣሪህ ያንን ሁሉ አላየም፣ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችማ!

ፈይሰል፦ ደላላው የሐኪም መኪና ናት፣ ለሥራ ብቻ ነው የሚነዳት ብሎኝ!

ፋዲላ፦ ለሥራ ብቻ ያለው እንኳ እውነቱን ነው። አንተም አንድ ቀን እርሻ ወርደህ ብታግዘን ኖሮ ታውቃት ነበር።

ፈይሰል፦ ታዲያ ስገዛት ለምን ዝም አሉኝ?

ፋዲላ፦ መቼ ነገርከኝ? ለአጣዬው ደላላ አስረክበን አልሐምዱሊላህ ባልን በሳምንቱ፣ ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ አንተ ጥሩንባ እየነፋህ ይዘሃት ከች! አፌን ስከፍት፣ «የመኪና ነገር ለሴት ይከብዳል፣ ዝም ብለው ይመርቁልኝ» አልከኝ። ዝም ብዬ መረቅኩልህ።

ፈይሰል፦ [መሬት ላይ ቁጭ ብሎ] አሁን ምን ይዋጠኝ?

ፋዲላ፦ ክንፉን ተወውና ወንዝ ዳር መልሳት፣ ሥራዋን ታውቃለች። ኢብሮ አዲሱ ፓምፕ ተበላሽቶበት ያለቅሳል፣ ከአንተ ይከራያታል። ብድርህን ሽንኩርቱ ይክፈልልህ።

ፈይሰል፦ እሺ... ግን ወይፈኑን፣ ለጎማ ያህል እንኳን...

ፋዲላ፦ ወይፈኑን እንዳትነካ! በምን የተገዛ መሰለህ? ከመኪናዋ ሽያጭ ኢብሮ በሰጠኝ ድርሻ ነው።

[ፈይሰል ወይፈኑን ያያል። ወይፈኑም እያላመጠ ያየዋል።]

ፋዲላ፦ ከዚያች መኪና የወጣ ጉልበት ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ጣርማ በርንም ማንም ሳይገፋው ይወጣል።