ክቡር ኢንጂነር እና ስድስት ቁጥር

ኢንተርኔት በገባበት ሕንፃ ሁሉ ከኢንተርኔቱ ቀድሞ የገባ አንድ አዋቂ አለ። ይህን በሙሉ ልብ ነው የምናገረው። እኛ ሕንፃ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ፣ ወይ ከጎረቤቶቹ ጋር ገና አልተዋወቀም፣ ወይ ደግሞ አዋቂው ራሱ ነው። ይህ ሰው ሳይጠሩት ይመጣል። የቤቱን ሰው በአገጩ ሰላም ብሎ በቀጥታ ወደ ራውተሩ ያመራል፤ መብራቶቹን አንድ በአንድ ይቆጥርና ከንፈሩን ይመጥጣል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

የእኛው ክቡር ኢንጂነር ይባላሉ። ምህንድስና አልተማሩም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ከቤት ቤት እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ኢንጂነር ያልናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። አንደኛ ፎቅ ከደረጃው ፊት ለፊት ስለሚኖሩ እሳቸው ሳያዩት የሚወጣም የሚወርድም የለም። ትንሽ ፊትህ ከጠቆረ "ምነው ልጄ፣ ቆመብህ እንዴ?" ይሉሃል። አንተ ጥርስህን አሞህ ሊሆን ይችላል። ለክቡርነታቸው ግን ሰው በዚህ ዓለም ላይ የሚተክዝበት ነገር አንድ ብቻ ነው።

ሳይንሳቸው አጭር ነው፤ ኢንተርኔት ውሃ ነው። ገመዱ ቧንቧ፣ ራውተሩ የቧንቧው አፍ፣ ኩባንያው ደግሞ ኮረብታ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ። ቪዲዮው ቀጥ ብሎ ያቺ ክብ መሽከርከር ስትጀምር ምርመራቸው ያው ነው። "ግፊቱ ወርዷል" ይላሉ። ለምን ወረደ ሲባሉ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ፊልም እያወረዱ ነው ማለታቸው ነው።

ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ ዋይፋዩ ሲንቀራፈፍባት ሰምተው ገቡላት። ገመዱ ስምንት ቦታ መታጠፉን ሲያዩ ደነገጡ። "እንዲህ ተጣጥፎ እንዴት ብሎ ይፍሰስ?" ብለው ከግድግዳው አላቀቁትና ከበሩ እስከ መስተዋቱ ቀጥ አድርገው ወጠሩት። ደንበኞቿ ሁለት ወር ሙሉ በገመድ ሥር ጎንበስ እያሉ ሲያልፉ ከረሙ፤ አንዷማ ፎጣ አስጥታበታለች። ለውጥ አለው ወይ ብዬ ብጠይቃት "እኔ እንጃ" አለችኝ። "ግን እሳቸው ቅር ከሚላቸው ደንበኛ ይጎንበስ።"

እኛ ቤት ደግሞ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ አውጥተው ቁምሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት። ውሃ ከላይ ወደ ታች ነዋ የሚወርደው። ልስቅ አፌን ስከፍት ኢንተርኔቱ ፈጠነ። በእውነት ፈጠነ። የጠቀመው ከቴሌቪዥኑ ኋላ መውጣቱ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን እጃቸውን አራግፈው ሲወጡ ተነስቼ እጅ ነሳሁ።

የቆጣሪ አንባቢነት ልማድም አልለቀቃቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለቱንም ቤት ያንኳኳሉ፣ "ቆጣሪ" ብለው ይገባሉ፣ በስልካቸው ፍጥነቱን ለክተው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። "ባለፈው ሳምንት አሥራ አራት፣ ዛሬ አምስት። የሚያፈስ ነገር ከፍታችሁ ነው የተኛችሁት" ይላሉ። ታናሽ እህቴ አንድ ጊዜ ይህን ክስ ሰምታ ይቅርታ ጠይቃለች።

የሚከራከሯቸው ሰው አንድ ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ በተገናኙ ቁጥር ይነታረካሉ።

"ዋይፋይ እኮ ሞገድ ነው እንጂ ውሃ አይደለም" ይላሉ አስተማሪው።

"ሞገድስ የት ነው ያለው? ውሃ ላይ አይደለም እንዴ?" ይላሉ ኢንጂነሩ። አስተማሪው ራሳቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ታላቁ ሥራቸው ግን የስድስት ቁጥር አዋጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የራውተር ማስተካከያ ገጽ ውስጥ መግባት ተማሩ። እዚያም ቻናል የሚባል ነገር አገኙ፤ ዋይፋዩ በየትኛው መስመር እንደሚተላለፍ የሚወስን፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት የሚሄድ ቁጥር ነው። የራሳቸውን ስድስት ላይ ቢያደርጉት ሸጋ ሆነላቸው። ጥሩ ነገር ለብቻቸው የሚይዙ ሰው አይደሉም። "አንድ ሕንፃ፣ አንድ ዋና መስመር" ብለው ሁላችንንም ስድስት ላይ አደረጉን። ማንም እንዳይነካካው ደግሞ እያንዳንዱን ራውተር በይለፍ ቃል ቆለፉትና ቃሎቹን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኛም አመስግነን ሸኘናቸው።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እህቴ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ናት። ትሠራበት የነበረው ቢሮ ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አርባ ምናምን ቦታ አመልክታ አንድ ድርጅት ብቻ ለቃለ መጠይቅ ጠራት፣ በቪዲዮ። ያውም ከተማሪነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ድርጅት። በቀጠሮው ቀን ገና ራሷን ስታስተዋውቅ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ፤ ድምፅም የለም። ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ተኛች። ሰዎቹ ደጎች ነበሩና ለሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ቀጠሮ ሰጧት፤ የመጨረሻው መሆኑንም በትሕትና ጽፈዋል።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስንሞክረው ክቧ ትሽከረከራለች። በሞባይል ዳታ እንዳትሞክር፣ እኛ ቤት ኔትወርክ የሚያገኘው መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ብቻ ነው። ክቡር ኢንጂነር እንደ ልማዳቸው ሳይጠሩ መጡ፣ ሁለቴ አጥፍተው አበሩት፣ "ግፊቱ ወርዷል" አሉ። እህቴ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ቀብራቸዋለች። እኔ ለኩባንያው ደወልኩ።

ሠላሳ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ረጋ ያለች ልጅ አነሳች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ቤታችን የሚደርሰው መስመር ሙሉ መሆኑን ነገረችኝ፤ ቀጥላም በዙሪያችን ያሉትን ዋይፋዮች የሚያሳይ መተግበሪያ አስከፈተችኝ።

"ስንት ይታይዎታል?"

"አሥራ ሁለት።"

"ቻናላቸውስ?"

"ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት... ሁሉም ስድስት ነው።"

"ይሄማ በአጋጣሚ አይሆንም። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ባንዴ ሲያወራ ማለት እኮ ነው፤ ማን ማንን ይሰማል? የራስዎን ቁጥር ይቀይሩት፣ ይስተካከላል።"

ወደ ክቡር ኢንጂነር ዞርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው።

"የይለፍ ቃሉን፣ ጋሼ።"

"ታጥቧል" አሉ።

"ምኑ?"

"ደብተሩ። ኪሴ ውስጥ እንዳለ ባለቤቴ ከሸሚዙ ጋር አጠበችው። ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ የሳምንቱን ንባብ የምጽፈው በሌላ ነው።"

ልጅቷ ሌላም መንገድ ነበራት። ራውተሩን ወደ መጀመሪያው መልሶ እንደ አዲስ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን የቴክኒክ ክፍል ሰው ይጠይቃል፣ የዕለቱ ወረፋ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱ ስምንት ከሃያ ነበር።

አልዋሽም፣ በዚያች ደቂቃ ክቡርነታቸውን ከነሳይንሳቸው በመስኮት ብወረውር ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በራችንን አንኳኩተው የራሳቸውን ጥፋት በቁጥር ሲመዘግቡ ኖረዋል። አንድ ነገር ልናገር አፌን ሳሞጠሙጥ እሳቸው ተነስተው እህቴ ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ምስልሽ የደረቀው በእኔ ነው። አንቺ ጥፋት የለብሽም" አሉ። "አሥራ አንድ በር ነው ያለው። አርባ ደቂቃ ይበቃኛል።"

የፌስታል ከረጢት ይዘው ወጡ። ቀኝ ጉልበታቸው ደህና አይደለም፤ ደረጃ ሲወጡ በመደገፊያው ነው የሚጎተቱት። ሲጀምሩ የመሰለኝ ስለ ቧንቧ ሊያስረዱ ነበር። ተከትያቸው ደረጃው ላይ ቆሜ ስሰማ ግን በየበሩ የሚሉት አንድ ነገር ነው። "ኢንተርኔታችሁን ሁለት ዓመት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሁን ለአንድ ሰዓት አጥፉልኝ፤ ይቺ ልጅ የሥራ ፈተና አለባት። ረስታችሁ እንዳታበሩት የራውተሩን አዳፕተር ስጡኝ።" ፀጉር ሠሪዋ ቀለም በነካው ጓንቷ ነቅላ ሰጠቻቸው። ሰውየው ሥራ የሄደበት አንድ ቤት ነበር፤ ደውለው አስፈቀዱና ኮሪደሩ ላይ ካለው ሳጥን የቤቱን መብራት አጠፉ። ከረጢቱ እየከበደ ሄደ።

የመጨረሻው በር የአስተማሪው ነው። ለዘጠኝ ስምንት ደቂቃ ጉዳይ። አስተማሪው በኢንተርኔት ኳስ እያዩ ነበር።

"ሰባኛው ደቂቃ ላይ ነን" አሉ፣ በሩን በሙሉ ሳይከፍቱ።

"አውቃለሁ። አጥፋልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ምን አልክ?"

"ስድስት ያልኩት ተሳስቼ ነው አልኩህ።"

አስተማሪው ይህችን ቃል አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። ቢያስደግሟቸው፣ ቢያስፈርሟቸው እንኳ የሚፈርድባቸው አልነበረም። እሳቸው ግን የኢንጂነሩን ጉልበት አዩ። "በዚህ እግርህ ነው ሁሉንም የዞርከው?" ብቻ አሉ። ገብተው አዳፕተሩን ነቅለው አመጡ፣ ከዚያም ክንዳቸውን ይዘው ደረጃውን ቀስ እያደረጉ አወረዷቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ስልኬ ላይ የሚታየው ዋይፋይ አንድ ብቻ ነበር።

እህቴ በሩን ዘጋች። እኛ ሦስታችን ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ሆነው በሹክሹክታ እንኳ አልተከራከሩም። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ክቡር ኢንጂነር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። ከውስጥ የእህቴ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፣ ግን አይቋረጥም። ሃምሳ ደቂቃ እንዲህ ተቀመጥን። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"አንዴም አልተቆረጠም፣ ጋሼ።"

"ድምፁስ?"

"ድምፁም። ባለፈው ጊዜ እንደዚያ ተቸግረሽ ዛሬ እንዴት እንዲህ ጠራ ብለው ጠየቁኝ።"

"ምን አልሻቸው?" አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ።

"የሕንፃችን ኢንጂነር አስተካከሉት አልኳቸው።"

ክቡር ኢንጂነር ከረጢቱ ውስጥ ጎንበስ ብለው አዳፕተሮቹን መለየት ጀመሩ። አሥር አዳፕተር፣ ሁሉም ጥቁር፣ አንዱም ላይ ምልክት አላደረጉም። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ስቄባቸው ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ደረጃው ላይ ነው።

ሰኞ ዕለት እህቴ ሥራ እንድትጀምር የሚል ደብዳቤ ደረሳት። በማግሥቱ የኩባንያው ልጅ መልሳ ደወለች። ሕንፃውን በሙሉ ዞሮ የሚያስተካክል ባለሙያ በነፃ ልንልክላችሁ እንችላለን አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ክቡር ኢንጂነር ራውተሮቹን እንደ አዲስ እያስገቡ አራተኛውን ቤት ጨርሰው ወደ አምስተኛው እየገቡ ነው፤ ትከሻቸውና ጆሯቸው መሀል ስልክ አጣብቀው የቴክኒክ ክፍሉን ወረፋ ይጠብቃሉ፣ አስተማሪው ደግሞ ደብተር ይዘው ከኋላቸው እያንዳንዱ ቤት የደረሰውን አዲስ የቻናል ቁጥር ይጽፋሉ።

"አመሰግናለሁ" አልኳት፤ "እኛ ባለሙያ አለን።"