ማሳው የተበላ መኪና

ይህንን ወሬ ያቀበለችኝ አስካለ ናት፤ ላፍቶ፣ ከጋሽ በቀለ አጥር ስር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችረዋ። አስካለ በወሬ ላይ ምንም አትጨምርም። የምጨምረው እኔ ነኝ፤ እሱንም ሲያንስ ብቻ።

እስቲ አስቡት፣ የሰው ልጅ እንደ መኪና የውስጡን ልክ የሚያሳይ ጌጅ ግንባሩ ላይ ቢኖረው! ባል ማታ ሲገባ ሚስት ቀና ብላ ታየዋለች፤ ረሃቡ ሙሉ፣ ንዴቱ ግማሽ፣ ፍቅሩ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው። አለቀ፣ ምን ያጣላቸዋል? እኔን ለመሰለች ግን ትልቅ ኪሳራ ነው። ሁሉም ግንባር ላይ ከተነበበ ማን መጥቶ «እንዲያው እነ እንትና እንዴት ሆኑ?» ይለኛል? ደግነቱ ጌጅም ይዋሻል።

ጋሽ በቀለ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ሹፌር ናቸው። እሳቸው አገር ሲያካልሉ ሚስታቸው እትዬ ጫልቱ አገሩን ያዩት በዘንቢል ነው፤ ከዝዋይ ዓሣ፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ፣ ከመተሃራ ሽንኩርት። «ጡረታ ስወጣ ላንጋኖ ወስጄ ውሃው ዳር አሳድርሻለሁ» ይሏቸው ነበር። ጡረታ ወጡና ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንድ አሮጌ ቤት መኪና ገዙ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጋረጃ አለው። ሰፈሩ «ቪላው» ይለዋል። ስንቱ ቤት ፍለጋ ሲዞር የሳቸው ቤት ራሱ ይዞራል።

ችግሩ ጌጁ ነው። መብራት ሲበራ የሙቀቱ ጠቋሚ «ፈላሁ» ይላል። ለመታጠፍ ፍሬቻ ሲታይ የናፍጣው ጠቋሚ ከፍሬቻው ጋር እኩል እስክስታ ይመታል። አንዴ ወደ ፉሪ ሰርግ ሲሄዱ ጌጁ «ሙሉ ነው» እያለ ናፍጣው መንገድ ላይ አለቀና፣ እትዬ ጫልቱ በሐበሻ ቀሚስ፣ በአዲስ ጫማ፣ ያንን ጭቃ በእግራቸው አቋረጡት። «ሁለተኛ ከዚህ ውሸታም ጋር መንገድ አልወጣም!» አሉ። ጋሽ በቀለ እሳቸው የተሰደቡ መስሏቸው ተቀይመው ነበር አሉ።

በዚህ መሃል አንድ ጎልማሳ «መስኮቱን ሰፋ አድርጌ በርገር ልሽጥበት» ብሎ ለመግዛት መጣ። እትዬ ጫልቱም ቆረጡ፤ «እስከ እሁድ ካልተሠራ ይውሰደው!» ጋሽ በቀለ ምግብ አልበላ አላቸው። ቪላው ከሄደ ላንጋኖም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ፍሬው ተጠራ። ፍሬው ከእጁ ምላሱ ይፈጥናል። ዳሽቦርዱን ፈታታና ራሱን ከመሪው ስር ቀብሮ ቆይቶ ጮኸ።

«ጋሼ! ማሳው ተበልቷል!»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ምን የቀረ አለ! ግዴለም፣ ሌላ ማሳ እሰጠዋለሁ።»

«ቀስ በል እንጂ! ለጫልቱ እንዳትነግራት። ሲያልቅ ነው የማሳያት።»

መኪና ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለነፍሬው ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያይዘው ሽቦ ነው። ለእትዬ ጫልቱ ግን ማሳ ማሳ ነው፤ ጤፍ የሚዘራበት። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናቸው። አባታቸው ካረሱት ሁሉ ዛሬ ቤት ያልበቀለበት፣ ወንድማቸው ኦቦ ቱሉ ፉሪ ዳር የሚያርሷት አንዲት ቁራጭ ናት። እትዬ ጫልቱ ለሠራተኛው ውሃ ይዘው ሲመጡ በመስኮቱ ይህንን ሰሙ። ባላቸው፣ ከባዕድ ጋር፣ መኪና ውስጥ ተደብቀው፣ የአባታቸውን ማሳ! ውሃውን እዚያው ጣል አድርገው ስልክ አነሱ።

ኦቦ ቱሉ ዱላቸውን ይዘው፣ የአጎት ልጆች አስከትለው ከች አሉ። አስካለ ሽንኩርቷን ለፈጣሪ ትታ ዓይኗን በአጥሩ ቀዳዳ አስገባች።

«አንተ በቀለ! እህታችንን ብንሰጥህ አልበቃ ብሎህ ነው? ማሳውን ማን በላው?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ጋሽ በቀለ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ፍሬው ከመሪው ስር ሆኖ «ዝገት ነው አባቴ!» አለ።

«ዝገት የሚባለው የማን ልጅ ነው?»

ፍሬው ጥርስ የበላው የመሰለ ሽቦ ይዞ ብቅ አለና «ይኸው ማሳው!» አላቸው። ኦቦ ቱሉ ተቀብለው፣ አገላብጠው፣ «እዚህች ላይ ደግሞ ምን ሊዘራ ነው?» ሲሉ መጀመሪያ የፈረሱት ራሳቸው እትዬ ጫልቱ ናቸው፤ ሳቁ አላስቆም ብሏቸው የቪላው ደረጃ ላይ ዘጭ አሉ።

አዲሱ ሽቦ ታሰረ። ቁልፍ ተጠመዘዘ፣ መብራት በራ፣ ፍሬቻ ታየ። ጠቋሚው አልደነሰም።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ ጫልቱ ከደረጃው ሳይነሱ።

«ናፍጣ የለም ይላል፤ ባዶ ነው» አሉ ጋሽ በቀለ፣ እየፈሩ።

«ታዲያ እውነቱን ነዋ! እልልልል!»

ባዶ ታንክ ታይቶ እልል ሲባል ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። እኔ በዚያች ሰዓት መካኒሳ አቦ ለቅሶ ደርሼ ነበር። እዚያ እንቢ ያለኝ እንባ፣ ይህ ሁሉ እንዳመለጠኝ ስሰማ መጣ።

የበርገሩ ሰውዬ ኮንቴይነር ተከራየ። ፍሬው ጋራዡን ወደ ጀሞ አዛወረ። ኦቦ ቱሉ ቁራጯን መሬት ጤፍ ዘሩባት። አስካለ ቃሪያም መሸጥ ጀምራለች። ጋሽ በቀለና እትዬ ጫልቱ ላንጋኖ አደሩ፤ ከዚያ «ጎባንም ልይ» አሉ እትዬ ጫልቱ፤ እስካሁን አልተመለሱም።