አረንጓዴ ለሆነ መግባት ክልክል ነው

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ከረባት አስሬ።

በሕልሜ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር እሮጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የመመረቂያ ሥራዬን ለፈታኞች ማሳየት አለብኝ፤ ካረፈድኩ የሁለት ዓመት ልፋቴን ውኃ በላው። ሥራዬ አንዲት ወረቀት ናት፤ መዳፍ አታክልም። ሐምራዊ መብራት ሲያርፍባት አረንጓዴ ታበራለች፤ የፈንጂ ሽታ፣ አፍንጫ የማይደርስበት ቅንጣት እንኳ፣ ከነካት ድርግም ትላለች። በቃ። ይህችኑ ለማለት መቶ አርባ ገጽ ጽፌያለሁ።

በሩ ላይ ፈታሾቹ እጃቸውን ዘርግተው ተሰልፈዋል። የሚፈትሻቸው ሕዝቡ ነው።

"ወንድሜ፣ እኔን ፈትሸኝ በናትህ" አለችኝ አንዷ። "እሷ ዛሬ ሁለቴ ተፈትሻለች፤ እኔን ማንም ዞር ብሎ አላየኝም!"

"እኅቴ፣ ፈተና አለብኝ፤ ቸኩያለሁ።"

"ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ" ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ቦርሳዋን ከፈትኩና ኮስተር ብዬ "ላፕቶፕ ይዘሻል?" አልኳት። ፊቷ በደስታ በራ።

ከበሩ ወዲያ ሻምበል ቡቺ የሚባል ውሻ መነጽር አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከእግሩ ሥር አንድ ቦርጫም ኢንስፔክተር በገመድ ታስሮ በአራት እግሩ ይሄዳል።

"አሽትት!" አለው ውሻው።

ኢንስፔክተሩ ጫማዬን አሽትቶ ጥቂት አሰበ። "ካልሲ ነው፣ ጌታዬ።"

"ስለ ካልሲው ማን ጠየቀህ?" ውሻው ወረቀቴን ተቀብሎ ደረቴ ላይ ለጠፋት፤ ሐምራዊ መብራቱንም አበራ። አረንጓዴ! እንደ ሰኔ ሣር አረንጓዴ! ሻምበል ቡቺ አዝኖ መነጽሩን አወለቀ።

"ምንም አልያዝክም? ርችት እንኳ?"

"ኧረ ንጹሕ ነኝ!"

"ታዲያ ንጹሕ ሰው እዚህ ምን ሊሠራ ይገባል? ሂድ፣ የሚፈነዳ ነገር ይዘህ ና። ማኅተም ያለበት ቢሆን ይመረጣል።"

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። መንገዱን ተሻግሬ ጉሊት ደረስኩ። እትዬ ፈለቀች የምትባል ቸርቻሪ ባሩድ እንደ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ከምራ ተቀምጣለች።

"ለቤት ነው ለድግስ?" አለችኝ።

"ለመግቢያ ነው፣ እትዬ።"

"ውይ የኔ ልጅ! ለተማሪማ በነጻ ነው።" በጣሳ ሰፍራ እጄ ላይ ገለበጠችልኝ።

"ምርቃትስ?"

"ከዚህ በላይ ከጨመርኩልህማ ትፈነዳለህ!"

"ልፈንዳ! ብቻ ልግባ!"

እየበረርኩ ተመለስኩ። ደረቴ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ገና ከሩቅ ድርግም አለች። "ጠቆረ! ጠቆረ!" እያሉ ፈታሾቹ በእልልታ አቀለጡት። ውሻው ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ኢንስፔክተሩ በደስታ ጮኸ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ፈታኞች ጠበቁኝ። ሦስቱም ቦምቦች ናቸው፤ ክብ፣ የተወለወሉ፣ ኮት የለበሱ። የመሐለኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንተ ልጅ፣ እኛን በጠረን ብቻ መለየት ይቻላል ነው የምትለው? ሽቶ ተቀብተን መጥተንም?"

"ይቻላል፣ ክቡርነትዎ።"

"እስቲ አሳየና!" አለና እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ መቁጠር ጀመረ። ወረቀቴን ዘርግቼ ጠጋ፣ ጠጋ አልኩት...

አንድ እጅ ትከሻዬን ጨብጦ ናጠኝ። አማካሪዬ ዶክተር ይርጋለም ናቸው። "ተነሥ እንጂ! በዛሬ ቀን ይተኛል? ተራህ ነው!"

እውነተኛው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ እውነተኞቹ ፈታኞች ሰዓታቸውን ያያሉ። ምራቄን ከአገጬ ጠርጌ ወደ መድረኩ ወጣሁ። ሐምራዊዋን መብራት ሰክቼ አበራኋት፤ ወረቀቷ አረንጓዴ ሆነች። የፈንጂ ቅንጣት ያለበትን ብልቃጥ አነሣሁ። ክዳኑን ልጠመዝዝ ስል የግቢው ኤሌክትሪክ ሄደ። መብራቷም፣ ፕሮጀክተሩም፣ ወረቀቷም እኩል ጭልም አሉ።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ከጨለማው ውስጥ ብድግ አሉ።

"ጠፋች! አያችሁ? ከመቅጽበት! ግሩም ሥራ ነው!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"ከሰኞ ጀምሮ በሩ ላይ ትተከል" አሉ ሁለተኛው። "ሌላ ፍተሻ ምን ያስፈልጋል?"

"ጌታዬ፣ ብልቃጡን እኮ ገና አልከ..."

ዶክተር ይርጋለም በጨለማ እግሬን ረገጡኝ። "እንኳን ደስ ያለህ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ ጫማቸውን ሳያነሡ።