ካርድ የሌለው ታካሚ

ወረቀት የሚያክም ሐኪም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዳንግላ ላይ ገጥሞኛል። አጎቴን ደረታቸውን ቢወጋቸው ይዣቸው ሄድኩ። ዶክተሩ እግሩን እያንቀጠቀጠ፣ ቀና ሳይል አራት ቅጽ ሞላ። ደረታቸውንስ? አልነካውም። ምን ያድርግ? ያልታከመ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ያልተሞላ ቅጽ ግን ያስጠይቃል!

አምስተኛው ላይ እስክሪብቶው አለቀበትና ሌላ ሊፈልግ ወጣ። እንዳይጠፋብን ተከተልነው። በር ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ ያነክሳል። ዶክተራችን በርከክ ብሎ ሰኮናውን አነሳ፣ ጠጠር አወጣለት፣ አንገቱን እያሻሸም "አይዞህ፣ አሁን ይሻልሃል" አለው። ለካ ፈገግታም አለው! ፈረስ ካርድ የለው፣ ቅጽ የለው!

አጎቴ ደረታቸውን እንደያዙ ሄደው ከፈረሱ ጎን ቆሙ።

"ልጄ" አሉት፣ "ከእሱ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው።"