ክቡር ኤርካሎ ከነኮፒያቸው

ወረቀቱ የተሟላለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተ መታወቂያችሁን ፍለጋ ኪሳችሁን ስትዳብሱ፣ እሱ ፋይሉን ዘርግቶ ጉዳዩን ጨርሶ ሻይ ያዛል። ለእኛ ሶዶ ላይ የደረሱን ክቡር ኤርካሎ ናቸው። እኩያዬ ናቸው፤ አንድ ዴስክ ላይ ተምረናል። አንቱ የምላቸው በቅናት ነው።

ክቡርነታቸው ከአረካ ገበያ ፍየል ሲገዙ ሻጩን ያስፈርማሉ። ለልጃቸው ክርስትና የልደት ካርድ ይዘው መጥተዋል፤ ቄሱ አልጠየቋቸውም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠሃ ከመንገዱ ማዶ ሲያያቸው ማሽኑን ማሞቅ ይጀምራል። "እንዲህ ያለ ማስረጃ አለህ?" ቢባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ከነኮፒው!" ይህችን ቃል ስሰማ ጥርሴን አፋጫለሁ።

የባሰብኝ በ2004 ዓ.ም. ነው። እኔም እሳቸውም በአንድ ሳምንት ባጃጅ ገዛን። የባጃጅ ማኅበሩም "የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተራ አይገባም" አለ፤ ሰው ብትገጭ የሚያሳክምልህ መድን ማለት ነው። ኤርካሎ በማግስቱ ሄደው የታዘዘውን ገዙ። አልበቃቸውም፤ የእሳት ጨመሩ፣ የስርቆት ጨመሩ፣ የሾፌሩን የራሱን አደጋ ጨመሩ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ዳገት ላይ እየኖሩ የጎርፍም ጨመሩ። ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ጫኑ።

እኔ ብልጡ ከእድራችን ሰብሳቢ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አጽፌ መድን ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛዋ ፀደንያ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ይሄ ምንድነው ጋሼ?"

"ዋስትናዬ ነዋ! ሦስት መቶ አባወራ ነን። ድንኳን አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚቀብር ነው። እኛ የምንፈልገው የሚያሳክም ነው።"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀብኝ። ፀደንያ ባለ አራት ገጽ ፎርም ሰጠችኝ። ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ የምል ሰው "የመድን ገቢው ጥቅም" የሚል መስመር ላይ ደርሼ ቆምኩ።

"ኤርካሎ ጋ ሂዳ!" አለች ባለቤቴ ሙሉመቤት።

"እሳቸውን ከምለምን ባጃጇ ትዛግ!"

ባጃጄ ሸራ ለብሳ ሦስት ሳምንት ቆመች። ሥራ ፈት ነኝና ጎረቤቴን ኤርካሎን በአጥርም በመንገድም እከታተል ጀመር። ስንት ሰዓት እንደወጡ፣ ምሳ የት እንደበሉ፣ መነኸሪያ ስንቴ እንደተመላለሱ፣ ጎማ የት እንዳስነፉ አንዱም አያመልጠኝም። ሙሉመቤት ታዝባኝ "እኔን እንኳ እንደዚህ ጠብቀኸኝ አታውቅም" አለችኝ።

በአራተኛው ሳምንት ሙሉመቤት ለባጃጇ ገዢ ይዛ መጣች። ሰውየው ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ሲያደርጋት አላስቻለኝም። ፎርሜን አንስቼ ኤርካሎ ቤት ሄድኩ።

አልሳቁብኝም፤ ይሄም አናደደኝ። "ታ ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ምነው እስከ ዛሬ?" ብለው ፋይላቸውን አወጡ። "የኔን እያየህ ሙላ።"

ገጽ በገጽ እየገለበጥኩ ሞላሁ። አራተኛው ገጽ ላይ "አደጋ ቢደርስ በመጀመሪያ የሚጠራ ሰው" ይላል። ከፊት ለፊቱ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ ስልክ ቁጥሬም አለ።

"ወንድምህ እያለ እኔን?" አልኩት። አንቱታዬ እዚያው ጠፋች።

"ወንድሜ ሩቅ ነው፣ አረካ። ሚስቴ ደሞ ትደነግጣለች። አንተ ግን ስወጣ ታየኛለህ፣ ስገባ ታየኛለህ። አንድ ቀን ሳልመለስ ብቀር፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው አንተ ነህ።"

አፈርኩ። እንደ መመረቅም አደረገኝ፣ እንደ መሰደብም። በእኔ ፎርም ላይ ያንን መስመር በእሱ ስም ሞላሁት፤ ባጃጄም በዚያው ሳምንት ተራ ገባች።

ዛሬም እቀናበታለሁ። አሁን ግን ስምንት ሰዓት አልፏል። ኤርካሎ ምሳውን ቤቱ ገብቶ የሚበላው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ ባጃጁም በሩ ላይ የለችም። ወጣ ብዬ ልየው።