ለባሕር ዳርቻ ለቅሶ የደረስን ዕለት

አበሻ ድንኳን ካየ እግሩ አያርፍም። ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እዚህ ካናዳ፣ የካልጋሪ ሰው ግን ድንኳን ተክሎ አሮጌ ጫማም ይሸጣል። ይኼን የባለቤቴ አክስት እትዬ አስካለ እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም።

ጎረቤታችን ሚስተር ኮሊን ሠዓሊ ነበሩ። እንግሊዛዊ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እዚህ ሰፈራችን አቢዴል፣ ባሕር በሌለበት አገር ተቀምጠው የሚስሉት ባሕር ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተከሉ፣ ወንበር ደረደሩ፣ ከዚያ ጥቁር ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። አጠገባቸው ማንም የለም።

እትዬ አስካለ በመስኮት አዩዋቸው። "ሰውዬው ሐዘን ደርሶባቸው እናንተ እዚህ ቴሌቪዥን ታያላችሁ?" ብለው ጮኹብን። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ደወሉ። ወዲያው ከጎረቤት ሰፈር ከማርልቦሮ ሰው ጎረፈ። ንፍሮው መቼ እንደተቀቀለ እግዜር ይወቅ!

ሚስተር ኮሊን ሲያዩን ፊታቸው በራ። ሐዘንተኛ እንዲህ ደስ ይለዋል? ወንበሩ ሞላ። ንፍሮው ዞረ። በመጨረሻ እትዬ አስካለ "ማን እንደሞተባቸው ጠይቅልኝ እንጂ" አሉኝ። ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው በድንኳኑ ዙሪያ ከተደረደሩት ሥዕሎቻቸው ትልቁ ፊት አቆሙኝ። ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ ባሕር፣ የተናደ ገደል፣ ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ቤት። የተወለዱባት ቤት ናት። ባሕሩ ገደሉን ሲቦረቡር ኖሮ ቤቲቱንም መንደሩንም ውጧቸዋል።

ይኼን ስተረጉምላቸው እትዬ አስካለ ደረታቸውን መቱ። "አገር ሙሉ! ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን ሞት አለ?" ለቅሶው ቀለጠ። ሚስተር ኮሊንም አብረው አለቀሱ፤ ሰው ሥዕላቸው ፊት ሲያለቅስ አይተው አያውቁማ። ኤግዚቢሽን መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ማን አፉን ይከፍታል?

ሚስተር ኮሊን ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ሴት ልጃቸውን ነበር። እመጣለሁ ብላ ነበር፤ መሀል ላይ ደውላ ሥራ በዝቶብኛል አለች። አናደደችኝ። የምትኖረው እኮ እዚሁ አጠገባችን፣ ኤርድሪ ከተማ ነው! ኤርድሪ ባሕር ማዶ ነው እንዴ? አንድ መኪና ማስነሳት አይደለም?

በረዶ ሲገባ ሚስተር ኮሊን ሞቱ። እትዬ አስካለ እንደገና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ። ስንደርስ ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ። ሬሳው እንደ ወጋቸው ተቃጥሎ አልቋል። ልጅቷ ብቻዋን ካርቶን ታሽጋለች። ባሕሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጋራዡ ግድግዳ አዙረው የቆሻሻ መኪና ይጠብቃሉ። እትዬ አስካለ ሲያዩዋቸው እንባቸው ወረደ፤ ይባስ ብሎ ልጅቷ እሳቸውን ታጽናናቸው ጀመር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባቴ ኤግዚቢሽኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር ብሎኛል፤ እውነት ነው?" አለችኝ።

"ወንበር አልበቃም" አልኳት፣ እንዲቆጫት ብዬ።

እፎይ አለች። "ታንክ ጋድ! ስንት ጊዜ ጸጸት ተሰምቶኝ ነበር መሰለህ። እንግዲያው እኔ ባልመጣም አልጎደለበትም" ብላ ካርቶኗን ማሸግ ቀጠለች።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እውነት ነው፤ በተለይ ለሩቁ ዘመድ።